ዘረመሉ ያልፈቀደው ዕርቅ

፩

ከመትፋትህ በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም አትብላ፤ አትጠጣ፤ ማስቲካ አታኝክ።

ምራቅህን በብልቃጡ ላይ እስከተሰመረው መስመር ድረስ ሙላ።

አረፋው አይቆጠርም።

ክዳኑን ግጠም። ነቅንቅ። ላክ።

ሰውነትህ ምን እንደሚሻ እኛ እንነግርሃለን።

፪

ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ቃል አይደለም። የእኅቴ ልጅ ናሁሰናይ ገዝቶ ቤቱ ካስገባው የዘረመል መመርመሪያ ካርቶን ላይ ቃል በቃል የገለበጥሁት መመሪያ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጽሑፉ «አንተ» እያለ ማዘዙን ልብ ይበሉ። የማያውቀውን ሰው፣ ዕድሜውን ሳይጠይቅ፣ አንተ።

እኔ ዳኛ ነበርሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚሁ ደብረ ብርሃን የተጣሉ ሰዎችን አስታርቃለሁ። ነገሬን በቁጥር የምከፋፍለው ከፍርድ አጻጻፍ የተረፈኝ ልማድ ስለሆነ ነው እንጂ ዘመናዊ ለመባል አይደለም።

፫

የጠቡ ነገር

እኅቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ታላቁ ጌታመሳይ እዚሁ ከተማ ወፍጮ ቤት አለው። ታናሹ ናሁሰናይ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ይሠራል። አባታቸው የተቀበረ ዕለት ናሁሰናይ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት፣ ሁሉም ነገር ከተፈጸመ በኋላ ደረሰ። ጌታመሳይ ምክንያቱን አልጠየቀም። በድንኳኑ ውስጥ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ መታው።

በጥፊ።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተነጋግረው አያውቁም። ታናሹ የተበደለ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም።

ዘንድሮ እኅቴ ታመመች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤቷ መለሷት። ጓዳ ከተኛችበት አልጋ ላይ እጄን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ጋሼ፣ ልጆቼ ከአንድ ትሪ በሉ ሲባል ሳልሰማ አልሂድ።»

፬

ዕርቁ

ጌታመሳይ የጎረመሱ ልጆች አባት ነው። ቢሆንም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከታናሹ እግር ሥር ተንበረከከ። «በድያለሁ፤ ስለ እናታችን ብለህ ማረኝ» አለ። ናሁሰናይ ድንጋዩን ከወንድሙ ትከሻ አወረደና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቄሱ መስቀል አሳለሟቸው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እንባ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ መነጽሬን ጠረግሁ።

የቀረው መብላት ነበር። በእኛ ዘንድ የታረቁ ሰዎች ከአንድ ገበታ ካልበሉ ዕርቁ ማኅተም የሌለው ውሳኔ ነው። ያልበላ ሰው ወይ ቂም ይዟል፤ ወይ ያቀረበለትን ሰው ጠርጥሯል ይባላል። ይህን በከተማው የሚኖር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

፭

ትሪው

በግ ታርዶ ነበር። ጌታመሳይ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ።

— እንካ ወንድሜ፤ አፍህን ክፈት።

— እኔ ይቅርብኝ።

— ምኑ ነው የሚቀርብህ? ጉርሻ እኮ ነው!

— ዲ ኤን ኤ ተመርምሬአለሁ። ቅቤ፣ የበግ ሥጋ፣ በርበሬ ለእኔ ሰውነት አይሆንም። ስልኬ ላይ አለ፤ ላሳይህ?

— እኔና አንተ ከአንድ ሆድ ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ለእኔ የተስማማው ለአንተ እንዴት መርዝ ይሆናል?

— ወንድማማችም ቢሆን ይለያያል ይላል።

— ማነው የሚለው?

— ስልኩ።

ቄሱ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ነገሩን በቀልድ ሊያበርዱ ፈለጉ። «ልጄ፣ እስቲ ጠይቀው፤ ሽሮስ ይፈቅድልህ ይሆን?» ቤቱ ሳቀ። ናሁሰናይ ግን አልሳቀም። በጣቱ እየገፋ ፈልጎ ፈልጎ፣ «ሽንብራ በመጠኑ» አለ።

ጌታመሳይ ጉርሻውን አንሥቶ እንደያዘ ቀረ። ወጡ በክንዱ ላይ ወረደ። ከዚያም ጓዳ ድረስ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለ፦

— እኔን ፈርቶ ነው። ይገድለኛል ብሎ ነው።

፮

እኅቴ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኋት።

«እንግዲያው እነሱ ሲበሉ እኔም እበላለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ከዚያ ወዲህ አፏን በውሃ ታርሳለች። እህል የለም።

፯

ስልኩ የከለከለው

ቅቤ።
የበግ ሥጋ።
በርበሬ።
ስንዴ።
ወተት።
ከመሸ በኋላ ማናቸውም እህል።

ስልኩ የፈቀደው

ጎመን።
ዓሣ።
አቮካዶ።
ሶምሶማ፣ በማለዳ።*

* ወንድም ከየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ፈልጌ አላገኘሁም።

፰

አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ ፈርጄ አላውቅም። ስለዚህ ለምራቁም ጠበቃ ፈለግሁለት። የጎረቤቴ ልጅ ሐኪም ነው። ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ አነበበ።

«ጋሼ፣ የወተቱ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ወተት የማይስማማው ሰው በዘረመሉ ይታወቃል። የበጉና የበርበሬው ግን አብዛኛው ግምት ነው። ለነገሩ ቢጠነቀቅም አይጎዳም። ነገር ግን አንድ ጉርሻ ሰው አይገድልም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ሳቀ።

እኔ አልቀለድሁም ነበር።

፱

በማለዳው አውቶቡስ ተነሥቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ናሁሰናይ ከሥራ አልተመለሰም። ባለቤቱ ቤተል ተቀበለችኝ፤ ሻይ አቀረበችልኝ። ልጅቱ ክፋት የማታውቅ፣ የመጣላትን ሁሉ የምትናገር ናት።

«እኛማ ጋሼ፣ በአንድ ቤት ሁለት ድስት ሆነናል። የእሱ በዚህ፣ የእኔና የልጆቹ በዚያ። ልጄ ባለፈው ከሳህኑ ድንች ብታነሣበት፣ ‹ይህ ለአባባ ዘረመል ነው› ብላ ራሷ መለሰችለት። አያስቅም?»

«ያስቃል» አልሁ። አላስቀኝም። «ከዚህ ሥርዓት ፈጽሞ አይወጣም?»

«ቅዳሜ ሲቀር።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«ፕሮግራሙ በሳምንት አንድ ቀን ይለቀዋል። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ክትፎ ቤት ነው። ለብለብ እንኳ አይል፤ ጥሬውን! በቅቤና በሚጥሚጣ!» አለችና ከትከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋን ዋጠችው።

ቅዳሜ።

፲

በስልክ የተደረገ ንግግር

እኔ፦ ናሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትበላለህ አሉ።

እሱ፦ ማነው ያለው? ቤተል ናት?

እኔ፦ ምስክር አሳልፌ አልሰጥም። ትበላለህ ወይስ አትበላም?

እሱ፦ አልፎ አልፎ።

እኔ፦ እንግዲያው ገበታው ቅዳሜ ይሁን። እናትህ እህል አልቀመሰችም። ዐውቀሃል?

እሱ፦ ጋሼ፣ እሱ ድንጋይ ስለተሸከመ ሁላችሁም ረሳችሁት። ያን ዕለት እኮ አባቴን በቅጡ አላለቀስሁትም። ጉንጬን ይዤ ነው የተመለስሁት።

እኔ፦ ታዲያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያልኸው ምንህ ነው?

እሱ፦ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ ምን ልበል?

እኔ፦ «ገና አልቻልሁም» ትል ነበር። ነውር አልነበረውም። እኔ ራሴ ቀጠሮ እሰጥህ ነበር።

እሱ፦ የምሬን እኮ ነው፣ ምግቡም አይስማማኝም።

እኔ፦ ከጓደኞችህ ጋር ይስማማሃል።

እሱ፦ እሺ። ቅዳሜ እሞክራለሁ።

፲፩

(ይህን ቁጥር ለናሁሰናይ ትቼለታለሁ። መልስ ካለው ይጻፍበት።)

……………………

፲፪

በዳኝነት ዘመኔ ሰው ቂሙን ከብዙ ነገር ጀርባ ሲሸሽግ አይቻለሁ። ከድንበር፣ ከስለት፣ ከሚስቱ ቃል ጀርባ። ከምራቁ ጀርባ የተሸሸገ ሰው ግን ያየሁት አሁን ነው። ቀድሞ የማይበላ ሰው የማይበላበትን ምክንያት አቅራቢውን ዐይን ዐይኑን እያየ ይናገር ነበር። ቢጣላም በራሱ አፍ ይጣላ ነበር። ዛሬ ምራቁን በፖስታ ይልካል፤ ምክንያቱ በዋጋ ታትሞ ይመለስለታል፤ የመርማሪው ቤት ማኅተም አለበት፤ ይግባኝ የለውም።

በዳዩ ግን ስልክ አልነበረውም። ድንጋይ ነበረው።

ይህን ስጽፍ ለማን እንዳደላሁ ይታወቀኛል። ዳኛ ብሆን ከችሎቱ እነሣ ነበር።

፲፫

ቅዳሜ

ጌታመሳይ ሌላ በግ አረደ። ከረፋድ ጀምሮ ትሪው ሳሎን መሀል ተቀመጠ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ መጡ፤ ጸሎት አድርሰው ጠበቁ፤ ለአገልግሎት ተጠርተው ሄዱ። የናሁሰናይ ስልክ ይጠራል፤ አይነሣም። እንደገና ይጠራል። ኋላ መጥራቱንም ተወ።

ወጡ ቀዘቀዘ። ቅቤው ከላዩ ረጋ።

ጌታመሳይ ከትሪው ፊት አልተነሣም። የታጠበ እጁን ከልብሱ እንዳይነካ አርቆ እንደያዘ፣ እንጀራውን እያየ ነበር። እኔም አጠገቡ ነበርሁ።

የጌታመሳይ ሚስት ከጓዳ ወጣች። በእጇ አንድ ሲኒ መረቅ ይዛለች፤ ይተናል። በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ የበጉ ሽታ ደርሷታል። ቀና ብላለች። ትጠይቃለች» አለችኝ።

ጌታመሳይ በዚያ በደረቀ እጁ ክንዴን ያዘ። ያን ዕለት ከወንድሙ እግር ሥር በወደቀ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

— ጋሼ፣ በልተናል ይበሏት። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። ሁለታችንም በላን ይበሏት። ትቅመስ።

በሐሰት የመሰከረን ሰው ያለ ርኅራኄ ያሰርሁ ሰው ነኝ። የአንዱ እናት ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ ስትለምነኝ፣ ቀሚሷን አልፌ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

መረቁን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበልሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። እኅቴ በትራሱ ተደግፋ ቀና ብላለች። ዐይኖቿ እንደ ልጅነቷ ሆነዋል።

«ጋሼ፣ በሉ?»

እኔም እንዲህ አልኋት፦

«……………………»