የዳገቱ ሰፈር

«እንግዲህ ተነሡ! ስብሰባው እናንተን ቆሞ አይጠብቅም» አለች ኢብሴ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ። ባሏ ጭምዴሳ ከተቀበረ ገና ሣልስቱ ነው። ጎረቤቷ ደርበው አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ እንዴት አድርገን? እርስዎን ሐዘን ላይ ጥለን መቱ ከተማ ብንወርድ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰፈሩ ቢፈርስ ደግሞ ጭምዴሳ ምን ይላችኋል?»

ባለሱቁ ሀምዱ ቀድሞ ተነሣ። ደርበው ተከተለው። ሚኒባስ ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ወረዱ።

ያን ቀን መቱ ላይ የሚቆረጠው የጎሬ አሮጌ ሰፈር ዕጣ ነበር። ዳገቱ ላይ የተደረደሩት ባለሰገነት የእንጨት ቤቶች «አርጅተዋል፣ ሰው ላይ ይወድቃሉ» ተብለው እንዲፈርሱ ከታሰበ ቆይቷል።

«ምን ዓይነት ልብ ነው?» ተንሾካሾከች አንዷ ለቀስተኛ። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ!»

ኢብሴ ሰምታለች። ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

አዲስ ሙሽሮች ሆነው ከኡካ ሲመጡ ጭምዴሳ የተከራየውን ቤት አይታ አኩርፋ ነበር። «ዝናብ በማያባራበት አገር የሚያፈስ ቤት ታስገባኛለህ?» ብትለው እጇን ይዞ ሰገነቱ ላይ አወጣት። ጉሙ እየተገለጠ ነበር። ከሥራቸው ደኑ፣ ከደኑ ወዲያ ሌላ ደን፣ እስከ ሰማይ ጥግ። «እዪ! ይህን የሚያይ ሰው ድሃ ይባላል?» አላት። ኩርፊያዋ እዚያው ቀረ። ልጆቻቸውንም በዚያ ቤት ወልደው ዳሩ።

የማፍረሱ ወሬ ሲመጣ ታዲያ ግማሹ ሰፈር ደስ ብሎት ነበር። ሀምዱማ ባሰበት። «ይፍረስልን! ልጆቼ ከባልዲ ጋር ተኝተው አደጉ!» ይል ነበር። ጭምዴሳ አልተከራከረውም። በማግስቱ መሰላል ተሸክሞ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሀምዱ ጣሪያ ላይ ወጣ።

«ኦቦ ጭምዴሳ፣ ይውረዱ እንጂ! ወድቀው የሰፈር መነጋገሪያ ሊያደርጉኝ ነው?» ጮኸ ሀምዱ።

«አንተ ዝም ብለህ ሚስማር አቀብለኝ!»

አቀበለው። ሌሊቱን ዘንቦ አደረ፤ ባልዲው ግን ጠብታ አልነካውም። ጧት ሀምዱ ራሱ መሰላሉን ተሸክሞ የደርበውን በር አንኳኳ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ ሌላው ጉልበቱን እያመጣ፣ በደቦ ከቤት ቤት ተዛመቱ። ክረምቱ ሳይወጣ ሰፈሩ እንደ አዲስ ተወለደ። ጭምዴሳ ግን ሳንባውን ታሞ አልጋ ያዘ፤ ውሳኔውን ሳይሰማ አረፈ።

የስብሰባው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ሥር የባጃጅ ጡሩምባ ተንጣጣ። ሀምዱ እያለከለከ ድንኳኑ ደጃፍ ደረሰና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ። ዓይኑ ግን እምቢ ብሎ ይስቃል።

«ተናገር እንጂ!» አለችው ኢብሴ።

«አይፈርስም፣ እትዬ! መሐንዲሶቹ ‹ቤቶቹ ጠንካራ ናቸው› ብለው መሰከሩ። ቅርስ ሆኖ እንዲጠበቅ ተወሰነ!»

እልል እንዳይባል ለቅሶ ነው፤ ዝም እንዳይባል ደግሞ የምሥራች ነው። ሁሉም ኢብሴን አያት።

እሷም ብድግ ብላ ደጅ ወጣች። «የኔ ጭምዴሳ! ሰማህ? አሸነፍክ!» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

ያቺ የተንሾካሾከችው ሴት ቀድማ ተቀበለቻት። ከዚያ ሌሎቹ፤ ከዚያ በየሰገነቱ ያሉት። እልልታው ዳገቱን ወጣ፣ ወረደ። ደርበው ከባጃጁ ሳይወርድ ፉከራውን ጀመረ። ሽማግሌዎቹ በከዘራቸው መሬቱን እየደቁ አጀቡት። የለቅሶ ድንኳን ሲጨፈርበት ጎሬ አይታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን አየች።

ጩኸቱ ሲበርድ ኢብሴ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ፍራሹ ተመለሰች። ስትቀመጥም ሳታስበው ወደ ጥግ ጠጋ ብላ፣ አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።