ሦስት ትኩስ እንቁላል

ዌንበሪ መንደር ውስጥ የቸኮሌት ኬክ ማን ይጋግራል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሕፃን አዋቂው የሚጠቁመው ወደ እኔ በር ነው። ጉራ አይምሰላችሁ። በየነሐሴው በመንደራችን ሜዳ ላይ በሚደረገው ውድድር ዘጠኝ ጊዜ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ዘጠኙም የአንደኝነት ካርዶች ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰልፈዋል። ምስጢሩ ሌላ አይደለም፣ ቅቤ ነው። ቅቤ ካለሽ አትሳሺ፣ ክሬም ካለሽ አትሳሺ፣ እንቁላሉን እጅሽ እስኪዝል ምቺ። እናቴ ያስተማረችኝ ይሄንኑ ነው፤ ለአርባ አንድ ዓመት እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለባሌ ለክላይቭና ለራሴ ሁለት ሳህን አውጥቼ ያንን ኬክ ስቆርስ ኖርኩ።

በየካቲት ክላይቭ ጓሮ ድንች ሊተክል መሬቱን ሲገለብጥ፣ አካፋውን ተደግፎ ቁጭ አለና መነሳት አቃተው። የልብ ነገር ነው። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ጠይም ልጅ ናት፤ ግን አነጋገሯ ጎራዴ ነው። ቅቤ፣ ክሬም፣ የእንቁላል አስኳል፣ ስኳር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠራች ከቤታችን አስወጣቻቸው። በሩ ላይ ደግሞ እኔን ለብቻዬ አቁማ፣ ይሄ ልብ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቀን አይችልም አለችኝ። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ፈሪ ሴት ደግሞ ሥራ ትወዳለች። ኬክ ይቅርብህ ብዬ እሑድ በአሥር ሰዓት ፖም ላቅርብለት? አላደርገውም። ኬኩን ራሱን እለውጠዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር አንድም ሳይገባበት፣ ቸኮሌቱ ግን ቸኮሌት ሆኖ።

የመጀመሪያው በዱቄት ፋንታ የተፈጨ ጥቁር ቦሎቄ ነበር። ክላይቭ ሁለቴ ጎረሰና አንዲት ሳትፈጭ የቀረች ፍሬ ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ትንሽ አያት፤ ከዚያ፣ ይቺ አምልጣ ነው ወይስ ተልካ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛውን በቅቤ ፋንታ በአቮካዶ አደረግሁት፤ ከላይ ያለው ክሬም አረንጓዴ ጥላ አጠላበት፤ ክላይቭም ጨው የለም ወይ አለኝ። ሦስተኛው ላይ የተቀቀለ ፖም አብዝቼ ኖሮ ኬኩ መቆም እምቢ አለ፤ በማንኪያ በላው። እኔም በያንዳንዱ ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ቆሜ እጽፋለሁ። ይደርቃል? ይመራል? ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ? እሱ ያኝካል፣ እኔ እጽፋለሁ።

መላው የተገኘው በሽምብራ ነው። የቆርቆሮ ሽምብራ ስከፍት ልደፋው የነበረውን ውሃ፣ እስቲ ልየው ብዬ በእንቁላል መምቻው መታሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሳህኑን ብገለብጠው የማይወርድ አረፋ ሆነ። ብቻዬን ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መስመር ያዘ። በስኳር ፋንታ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ የፈጨሁት ቴምር፣ በላም ወተት ፋንታ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ያለበት የአጃ ወተት፣ ቅቤው በነበረበት ቦታ የለውዝ ልቁጥ፣ ካካዎው እንዲነቃ ደግሞ ግማሽ ሲኒ ወፍራም ቡና። አሥራ ሁለተኛው ኬክ ከምድጃ ሲወጣ ሽታው ፎቅ ድረስ ወጣ። ክላይቭ ሦስት ተኩል ሰጠው። ለመጽናኛ እንደሆነ ያስታውቃል።

እንግዲህ ቴልማ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ባሏ የሞተባት፣ ከኛ ሁለት ቤት አልፋ ያለችው። በውድድሩ ዘጠኝ ጊዜ ሁለተኛ የወጣችው እሷ ናት። ከሚያዝያ ጀምሮ ክላይቭ ረቡዕ ረቡዕ የቴልማን የጣሪያ አሸንዳ ሊያይ ይሄዳል። አሸንዳው ምን ቢሆን ነው በየሳምንቱ የሚታየው? አንድ ረቡዕ ሲመለስ ጢሙ ላይ ቡናማ ክሬም አየሁ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ቅቤ ነው። የቅቤን ሽታ እኔ አልስተውም።

ያን ቀን ተጣላን። ሚስትህ ቀን ከሌት ቆማ ላንተ ትለፋለች፣ አንተ ሰው ቤት ሞትህን በሳህን ትበላለህ አልኩት። እሱም ጮኸ፤ ክላይቭ ጮኾ አያውቅም።

«የቴልማ ኬክ ኬክ ነው» አለኝ። «ያንቺ መድኃኒት ነው።»

ከደነገጥኩት በላይ አመመኝ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊመልሰው ሞከረ፤ ያ የሽምብራ ውሃሽ ውድድር ላይ አንደኛ ከወጣ የቴልማን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም፣ ዕድሜ ልኬን እሱኑ እበላለሁ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የክላይቭ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ግን ያመለጠው ያን ቀን ነው። ቃልህ ነው? አልኩት። ቃሌ ነው አለ። እኔም መዝገቡ ላይ ስሜን ላስጽፍ ሄድኩ።

አንድ ችግር ነበር። የኛ ውድድር ደንብ አለው፤ ደንቡ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ይገባል። ስድስት ብስኩት የተባለውን አምስት ያቀረበ፣ የማርማላታ ጠርሙሱ ክዳን ላይ የሱቅ ስም የተረሳበት፣ ሥራው የመላእክት ቢሆን እንኳ አጠገቡ «ከደንቡ ውጪ» የሚል ወረቀት ይቀመጥበታል። መጨረሻ ከመውጣት የባሰ ውርደት እሱ ነው፤ ሰዎች በዚያ ወረቀት ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ቀይረዋል። ታዲያ ቁጥር አርባ ሁለት ምን ይላል? «የቸኮሌት ኬክ፣ በሦስት ትኩስ እንቁላል የተጋገረ።» ማን ጻፈው? እኔ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የውድድሩ ጸሐፊ ሆኜ፣ ቴልማ በካርቶን የሚሸጥ፣ እንቁላሉ ደርቆ የተቀላቀለበት የተዘጋጀ ዱቄት ትጠቀማለች ብዬ ጠርጥሬ፣ እሷን ለመዝጋት በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ወረቀት አሁን እኔኑ ይዞኛል።

የሰው ሕይወት ከሦስት እንቁላል ይበልጣል ብዬ ራሴን አሳመንኩና አሥራ ስድስተኛውን ኬክ ይዤ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛዋ ወይዘሮ ፔንሮዝ ድንኳኑን አዘግተው ሲቀምሱ ቆዩ። የሚቀምሱት ኬክ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ስሙ የሚገለጠው ከፍርድ በኋላ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ሲከፈት ሕዝቡ እየተጋፋ ገባ፤ እኔና ክላይቭም ገባን። ኬኬ አጠገብ የአንደኝነቱ ካርድ ቆሟል። ከሥሩ ወይዘሮ ፔንሮዝ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው እንዲህ ጽፈዋል፦ «እርጥብና ለስላሳ። የጥሩ እንቁላልን ሥራ ምንም አይተካውም።»

ክላይቭ አነበበው። ጢሙ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከኪሱ የደንቡን መጽሐፍ አወጣና ገጹን ፈልጎ አርባ ሁለት ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ። የተከፈተውን የሽምብራ ቆርቆሮ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ያወጣው እሱ ነው፤ ያውቃል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኬኬ ይወድቃል፣ እሱም ከቃሉ ነፃ ይወጣል፣ ረቡዕ ወደ ቅቤው። አየኝ። መጽሐፉን ዘጋና ኪሱ ከተተው።

ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ሆነልኝ፣ ባሌ ሊኖርልኝ ነው አልኩ። በዚህ መሀል ቴልማ መጣች፤ አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ኬኳ አጠገብ ለአሥረኛ ጊዜ የሁለተኝነት ካርድ ተቀምጧል። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ ካርዴን አነበበች።

«እንኳን ደስ አለሽ ሙሪየል» አለችኝ። «እንቁላሉን እንዴት ብትመቺው ነው ግን?»

ምነው ብትሰድበኝ። በስድብ ብትመጣ መልሱ አይጠፋኝም ነበር። ሰው ከልቡ ሲጠይቅሽ ግን ምን ትያለሽ? ወይዘሮ ፔንሮዝ ወደ ቆሙበት ሄድኩና እንቁላል የለበትም አልኳቸው። አልሰሙኝም መሰለኝ ደገምኩላቸው፤ የሽምብራ ውሃ ነው አልኩ። ወይዘሮ ፔንሮዝ ኬኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አንዲት ፍርፋሪ አንስተው እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ካርዱን አንስተው «ከደንቡ ውጪ» የሚለውን ወረቀት አስቀመጡ። አዝናለሁ፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ለመሆኑ ይሄን የእንቁላል ነገር ማን ነው የጻፈው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ካርዴ ወደ ቴልማ ሄደ። ክላይቭ ከሕዝቡ መሀል የት እንደገባ አላየሁትም። እኔ ግን ስለ ካርዱ አልነበረም ሆዴ የተቃጠለው። ቴልማን ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰድኳትና ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ይኸው ካርዱንም ባሌንም ወሰድሽ፣ እንግዲህ ልቡ እስኪቆም ድረስ በቅቤ ቀልቢው አልኳት። እንባዬም መጣ፣ አልደበቅኩትም።

ቴልማ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስሚኝ» አለች። «ይቺን የምታህል ቁራጭ ነው የምሰጠው፣ ግማሿን ትቶ ነው የሚሄደው። ለኬኩ አይደለም የሚመጣው። እኔ ቁጭ ብዬ አብሬው ስለምበላ ነው። ሙሪየል ቆማ ታየኛለች ይላል፤ መቼ እንደምሞት የምትመዘግብ ይመስለኛል ይላል። ለመሆኑ አንቺ ያንን ኬክሽን በልተሽው ታውቂያለሽ?»

በልቼዋለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አልበላሁም። ሊጡን በጣቴ ቀምሻለሁ፣ ፍርፋሪውን ልሻለሁ፤ ከየካቲት ወዲህ ግን እሑድ በአሥር ሰዓት ያወጣሁት አንድ ሳህን ነው። አሥራ ስድስት ኬክ ጋግሬ አንዱንም ከባሌ ጋር ቁጭ ብዬ አልበላሁም። የሰውዬውን ልብ ለማዳን ስሮጥ ሰውዬውን ብቻውን ትቼዋለሁ። አፈርኩ።

በኛ ውድድር ማብቂያ ላይ የቀረበው ሁሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማሠሪያ በጨረታ ይሸጣል፤ ጨረታው የሚጀምረው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዱባው ተሸጠ፣ ሽንኩርቱ ተሸጠ። የኔ ኬክ ከነወረቀቱ ከፍ ብሎ ሲታይ ሳቁ እንደገና ተነሳ። አንድ እጅ ወጣ፤ የክላይቭ ነው። ሌላ እጅ ሊወጣ ሲል ቴልማ ዞር ብላ አየችውና ወረደ።

ክላይቭ ኬኩን ይዞ መጥቶ ከዋርካ የማያንስ ዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ካርድሽ ስለተነሳ ቃሌም ተነስቷል አለኝ። አዎ ተነስቷል አልኩ።

«ስለዚህ ማንም አላስገደደኝም» አለ።

የኪሱን ቢላ አወጣ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ። አንዱን በመሀረብ ላይ አድርጎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና ጠበቀ። እኔ ካልጎረስኩ እንደማይጎርስ ገባኝ። ጎረስኩ። እርጥብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ቴምሩ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ይጣፍጣል። እውነቴን ነው፣ አሥራ ስድስት ጊዜ የጋገርኩት ነገር እንደሚጣፍጥ ገና ያኔ አወቅሁ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፤ ለምኑ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

እሱም እያኘከ ሜዳውን ሲያይ ቆየ፤ እንደ ወይዘሮ ፔንሮዝ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ትንሽ እንቁላል በዝቶበታል» አለ።

እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ፍርፋሪው ኮቴ ላይ ተበተነ፤ እሱም ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝና ሁለተኛ ቁራጭ ቆረጠልኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።