ንግሥት የጠጣችበት ምንጭ

መምህር መልካሙ ወልደኢየሱስ ጎንደር ከተማ አማርኛ ያስተምራል። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ዜማውን ባይወርስም ጉባኤ ፊት መረታትን መጥላት ወርሷል። ከክፍል ሲወጣ በቀጥታ የሚሄደው አራዳ ወደሚገኘው የኡዘይር ኢንተርኔት ቤት ነው። ኡዘይር አባቱ አቡጀዲ ይሸጡበት በነበረው ሱቅ ኮምፒውተር ደርድሮበታል። መልካሙ ከጥጉ ተቀምጦ፣ ማንም ገብቶ በሚጽፍበት የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ድረ ገጽ ላይ ይጽፋል። ከፋይ የለም፤ አመስጋኝም የለም፤ ተከራካሪ ግን ሞልቷል።

አንድ ቀን የተወለደበትን መንደር ምንጭ ጻፈ። ሸንበቆ ምንጭ ይባላል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በማግስቱ ቢከፍተው ከጽሑፉ አናት ላይ ቀይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ይህ ጽሑፍ ምንጭ ስለሌለው እንዲሰረዝ ቀርቧል።» የለጠፈው «ሚዛን» በሚል ስም የሚጽፍ፣ የት አገር እንደሚኖር እንኳ የማይታወቅ አዘጋጅ ነው።

ኡዘይር ከኋላው ቆሞ አነበበ። «ምንጩ ምንጭ የለውም ነው የሚሉህ?»

«መጽሐፍ ጥቀስ ነው የሚሉኝ።»

«ውሃው ይፈሳል አይደል?»

«መጽሐፍ ካልመሰከረለት አይፈስም።»

መልካሙ በውይይት ገጹ ላይ ተሟገተ። ሚዛን መለሰ፦ «ምንጭ የሌለው መንደር የለም። ይኸኛው ምን ፋይዳ ኖሮት ነው የሚጻፍለት?» ሌሎችም ገቡ። አንዱ «ይሰረዝ» አለ። ሁለተኛው ስለ ውሃው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ «ይሰረዝ» የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ በሚለው ላይ ረጅም ትምህርት ሰጥቶ ወጣ።

የመልካሙ ደም ፈላ። ፋይዳ ከፈለጋችሁ እንካችሁ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «በድሮ ዘመን አንዲት መካን ንግሥት በዚህ ስታልፍ ከምንጩ ጠጥታ ልጅ እንዳገኘች ይነገራል።» የተናገረ ሰው አልነበረም። «ይነገራል» የምትለዋ ቃል ግን ሸክሙን ትችለዋለች ብሎ ተማመነባት።

ክርክሩ ሳያልቅ ጽሑፉን ታከለ የሚባል ሰው አየው። ታከለ የአንድ ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እየወተወተው አንድ ገጽ ባዶ ቀርቶበት ነበር። ሸንበቆ ምንጭን እንዳለ ገልብጦ ሞላበት። ቦታ ስለጠበበው ግን «ይነገራል»ን አወጣት። መጽሔቱ ሲወጣ ንግሥቲቱ ያለ ጥርጥር ጠጥታ፣ ያለ ጥርጥር ወልዳ ነበር።

መልካሙ መጽሔቱን ሲያይ መጀመሪያ አፈረ፤ ጥቂት ቆይቶ አሰበበት፤ ከዚያ በጽሑፉ ግርጌ ማስረጃ አድርጎ ጠቀሰው።

«የገደል ማሚቶን ምስክር ቆጠርካት?» አለው ኡዘይር።

ሚዛን ግን ረካ። «አሁን ምንጭ አለው። ይቆይ» ብሎ ማስታወቂያውን አነሣ። ያን ዕለት ለመልካሙ አራዳ ጠበበችው።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የእናቱ ታናሽ እህት ወይዘሮ እንኳየሁ ከመንደር መጡ። ወደ ቤት ይግቡ ቢላቸው እምቢ ብለው በር ላይ ቆሙ።

«የንግሥቲቱን ነገር የጻፍከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ እቴቴ። ምነው?»

«ልጅ የሚሹ ሰዎች ከጎንደር በሚኒባስ እየመጡ ይጋፉብናል። ዳኛው የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ቅርስ ነው ብሎ ምንጩን በሽቦ አጠረው፤ ዘበኛ አቆመበት። እኛ የምንቀዳ እንግዶቹ ሳይመጡ ነው፤ ካልሆነም ከሄዱ ወዲያ፣ ደፍርሶ። ንግሥት አጠጥተህ እኛን አስጠማኸን ልጄ።»

መልካሙ በዚያው ቀን ኡዘይር ዘንድ ሄዶ በገዛ ጽሑፉ አናት ላይ የይሰረዝ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሚዛን ወዲያው ደረሰ።

«ምክንያትህ?»

«ውሸት ነው።»

«ውሸት ለመሆኑ ምንጭ አለህ?»

«የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«የግል ምስክርነት አንቀበልም። መጽሔቱ ታትሟል።»

የቀሩትም ተሰበሰቡ። «ይቆይ» አለ አንዱ። ሌላው መልካሙን የታሪክ ጠላት አለው፤ ሌላው ማን እንደላከው ጠየቀ። መልካሙ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ አጠፋው፤ መለሱት። ደግሞ አጠፋው፤ ቅርስ አውድሟል ተብሎ ለአንድ ሳምንት ከመጻፍ ታገደ።

«እኛ ሱቅ የተቀደደ ጨርቅ እንኳ ይመለስ ነበር» አለ ኡዘይር። «አንተ የገዛ ውሸትህን መመለስ አቃተህ።»

እሑድ መልካሙ ወደ መንደሩ ሄደ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዋርካው ጥላ እንደተቀመጠ ተነሣና፣ ንግሥት የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ከልቡ አንቅቶ እንደጻፋት ተናገረ። የመንደሩ ትልቅ ሰው አያ አለነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ልጅ ነህ፤ ከተማ ገብተህ ረስተኸው ነው። የንግሥቲቱን ነገር እኔ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። በነጭ በቅሎ ነው የመጣች።»

«ዳማ ናት በቅሎዋ» አለ አጠገባቸው ያለው ሽማግሌ።

«ነጭ ናት አልኩህ።»

በበቅሎዋ መልክ ክርክር ተነሣ። ሊቀመንበሩ ዳኛው ፊቱ በርቶ ለሁለቱም ወገን ራሱን ይነቀንቃል። መልካሙ እንደቆመ ቀረ። ይህን ጉባኤ ያውቀዋል፤ የጎደለው ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

እንኳየሁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። «ንግሥቲቱን ተዉአት፤ ትጠጣ። በቅሎዋም ትጠጣ። የሚነቀለው አጥሩ ነው» አሉና ቁልቁለቱን ጀመሩት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዘበኛው የአንደኛዋ አማች ስለነበር ዱላውን ዛፍ አስደግፎ ቋሚውን አብሮ ነቀለ። ሽቦውን ጠቅልለው ከሊቀመንበሩ ደጅ አስቀመጡለት።

መልካሙ መጨረሻ ላይ ደረሰ። እንኳየሁ ቢጫ ጀሪካን ሞልተው ከፊቱ አቆሙ።

«ጽሑፉን እኮ ማጥፋት አልቻልኩም እቴቴ።»

«ይኸን ተሸከም በል፤ ዳገቱ ለኔ ይከብደኛል።»

ተሸከመ። የጀሪካኑ ክዳን የላላ ነበርና ዳገቱን እስኪጨርስ የእሑድ ኮቱ ከጀርባው ራሰ።