ከጣውላው ሥር

«ይኸውላችሁ!» አሉ አጎትየው፣ የሸራውን ከረጢት ወደ ለቀስተኛው መሀል ጎትተው። «የአያቷ መሬት አፈር። ነገ መቃብሯ ላይ እንበትነዋለን። በሕይወቷ ያላስመለሰችውን፣ ሞታ ትልበሰው።»

ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው የቴአትር ቤቱ የመድረክ ሠራተኛ ግን የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ደረቀ። ሟቿ ተዋናይት «አባ መጥረጊያ» ነበር የምትለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከትርኢቷ በኋላ ያንን አፈር ጠርጎ ወደ ከረጢቱ የሚመልሰው እሱ ነው። ውስጡ ያለው የየት አፈር እንደሆነም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አያቷ ከመሬቷ የተባረረችበትን ትርኢት ብቻዋን ነበር የምትጫወተው። ጎንበስ ስትል አያቷን፣ ገመድ ስትዘረጋ ቀያሹን፣ አንገቷን ስታቀና ቀዩን ባለመሬት ትሆናለች። ባለመሬቱ «እንዲህ የጠቆረ እጅ መሬት ይቆፍራል እንጂ መሬት አይዝም» ይላል። ያኔ አያትየዋ መዳፏን በአፈር ሞልታ ወደ ተመልካቹ ትዘረጋለች። «እስቲ ለዩልኝ። የቱ ጋ ነው አፈሩ የሚያልቀው? የቱ ጋ ነው እጄ የሚጀምረው?»

አፈር ግን ያልቃል። በመድረኩ ጣውላ ስንጥቅ ይሰርጋል፣ በጫማ ይሄዳል። አባ መጥረጊያ ልቧ እንዳይሰበር ብሎ የጎደለውን ከቴአትር ቤቱ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ እየዛቀ ይሞላ ጀመር። መጀመሪያ በእፍኝ፣ ኋላ በአካፋ። አንድ ቀን አሽትታው «ዘንድሮ አያቴ ሳሙና ሳሙና ትላለች። ታጠበች እንዴ?» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ።

ሰዉ ሲበታተን አባ መጥረጊያ የሟቿ እናት እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ይሄ የእናትዎ መሬት አይደለም። የኛ ጓሮ ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ! በሙት ትቀልዳለህ?» አጎትየው ብድግ አሉ። እናትየው ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«ከመሬታችን ስንባረር ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ አፈሩን በትራስ ልብስ ሞላችው። ባንዱ ጫፍ እሷ፣ ባንዱ ጫፍ እኔ ይዘን ወጣን። ከዚያ ምንም አልተረፈም በለኛ።»



«ተርፏል» አለ አባ መጥረጊያ። «መጀመሪያ የሰረገው፣ ጣውላው ሥር።»

በማግስቱ ጠዋት የቴአትር ቤቱ አዳራሽ ባዶ ነበር። እናትየው ልጃቸው ስትጫወት አንድም ቀን አላዩም፤ «እናቴ ስትባረር ሁለቴ አላይም» ይሉ ነበር። አሁን መድረኩ ላይ ቆመው ጠበቁ። አባ መጥረጊያ ሟቿ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ሁለት ጣውላ ነቀለ። በቀለም ብሩሽ ስንጥቁን ሁሉ እያበሰ ሰበሰበ። የጸጉር መያዣዋም አብሮ ወጣ። ጠቅላላው አንድ እፍኝ፣ ደቃቅና ጥቁር።

እናትየው መዳፋቸውን ዘረጉለት፤ አፈሰሰላቸው። ዓይናቸው ደክሟልና ቀለሙን ለማየት፣ እጃቸውን ከአዳራሹ በር ወደሚገባው ብርሃን፣ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዘረጉ። በጣታቸው መሀል ጥቂት አፈር ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

አባ መጥረጊያ እንደ ልማዱ መጥረጊያውን አነሳ። ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው። መጥረጊያውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ እጃቸውን እስኪያጥፉ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።