ቶሎ የሚመልስ ጠበቃ

ናሾን ኦግዌኖ በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ጥብቅና ነው። ከጎማ መሸጫው በላይ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይሠራል፤ ሸሪክ የለው፣ ጸሐፊ የለው። ደንበኛ ሲመጣ በሩን ይዘጋል፣ ወንበሩን ያስጠጋል፣ ዓይን ዓይኑን እያየ እውነቱን ይነግረዋል። «ይህን ጉዳይ ትሸነፋለህ፤ ሂድና ታረቅ» ብሎ ገንዘቡን መልሶለት የሸኘው ሰው ብዙ ነው። የሕግ ምክር በስልክ መስጠት ለእሱ መንገድ ላይ ልብስ እንደማውለቅ ነበር። የፋይል ቁጥር በጭራሽ አይያዝለትም፤ ያየውን ሰው መልክ ግን አይረሳም።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን ሄዱ። አንድ የዓሣ ነጋዴ፣ ልጆቹን እስኪድር ድረስ ኦግዌኖ የቆመለት ሰው፣ ፋይሉን ሊወስድ መጥቶ ሳያፍር ነገረው። «ዋኪሊ» አለው፣ ጠበቃ ማለቱ ነው፤ «አንተ ጎበዝ ነህ። ግን ጉዳዬ የት እንደደረሰ ለመስማት ሱቄን ዘግቼ ደረጃ መውጣት አለብኝ። የታችኛው ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ ይመልስልኛል።» የታችኛው ልጅ የሚባለው ክሊንተን ነው። አባቱ ራዲዮ አብዝቶ ይሰማ ስለነበር በወቅቱ የሰማውን ስም አወጣለት። ልጁም ጠበቃ ሆኖ ከጎማ መሸጫው ጎን ያለችውን የምድር ቤት ክፍል ተከራየ፣ ከላይ የሚወርደውን ደንበኛ ሁሉ ይለቅም ጀመር።

የጠበቆች ማኅበር ስልጠና ሲያዘጋጅ ኦግዌኖ ሄደ። አሰልጣኟ ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ደንበኛው ወዳለበት ካልሄደ እንደሚጠፋ፣ የዛሬ ደንበኛ ደግሞ ያለው ስልኩ ውስጥ እንደሆነ፣ የዘገየ መልስ እንደ ንቀት እንደሚቆጠር ነገረቻቸው። ኦግዌኖ ሳይወድ ሰማት፣ ግን ሰማት። ሚስቱ ሮዝቤላ ዋትስአፕ አስተማረችው። ከዚያ በኋላ ገበታ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ፍርድ ቤት መተላለፊያ ላይም ይመልሳል። ጥቂት ደንበኞች ተመለሱ። የሚያመሰግኑት ለምክሩ ሳይሆን ለፍጥነቱ ነበር። ይህ አናደደው። ደስም አለው፣ መካድ አይቻልም።

ጁዲት አፖንዲ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ባሏ ዋልተር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ፤ በዚያ አገር ልማድ ቀብር ቀናት ስለሚፈጅ ገና አልተቀበረም። ከከተማው ውጭ አሄሮ ያለውን የሩዝ መሬት ዋልተር ከታላቅ ወንድሙ ከኦልዌኒ ገዝቶት፣ ቤትም ሠርቶበት ነበር። አፖንዲ የዋልተርን ወረቀቶች በፌስታል ይዛ መጥታ፣ ከቀብር በኋላ የባሏ ዘመዶች ወሬ ሳይጀምሩ መሬቱ የእሷ መሆኑን እንዲያጣራላት ለመነችው። ልጆቿን የምታበላው ከዚያ መሬት ነው፤ ሌላ ምንም የላትም።

ኦግዌኖ መዝገብ ቤት ሄዶ አየ። መሬቱ አሁንም በኦልዌኒ ስም ነው። ዋልተር ገንዘቡን ከፍሎ፣ ወንድሙን አስፈርሞ፣ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ከቶ ወደ መንገዱ ሄዷል፤ በወንድም መሀል ምን ጥድፊያ አለ? የሚያስቀው ነገር፣ ኦልዌኒ ራሱ ይህን አያውቅም። የአካባቢው ሹም ፊት ከፈረመ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎት ገንዘቡን ጠጥቶ ረስቶታል። የአፖንዲ አጥር የኦልዌኒ አለማወቅ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ የእግድ ማመልከቻ፣ የእሷ ፊርማ፣ ከዚያ ዝምታ።

ኦግዌኖ አሄሮ ድረስ ሄዶ ሊነግራት አሰበ። እሷ ግን አይምጡ ብላ ጻፈችለት። ባሏ ሳይቀበር ጠበቃ ግቢው ውስጥ ከታየ አገር ያወራባታል። «ደግሞም አይደውሉ፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ከአጠገቤ አይጠፉም» አለች። «በድምፅ ይላኩልኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እሰማዋለሁ።»

እንግዲህ በዚያ አገር ሰው ሲሞት የለቅሶ ቡድን ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ሟቹን ያወቀ ሁሉ ሳይጠየቅ ይገባበታል፣ እንዲያዋጣ ነው። የዋልተርን ቡድን የከፈተው የለቅሶው ሊቀመንበር ኦልዌኒ ነው። ኦግዌኖንም አስገብቶት ነበር፤ ኦግዌኖ አዋጥቶ ረሳው። በቡድኑ ስም አጠገብ የዋልተር ፎቶ አለ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጎኑ ሻማ በርቶ። አፖንዲም እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ የራሷን ፎቶ አውርዳ ያንኑ የባሏን ፎቶ ሰቅላለች።

የድሮው ኦግዌኖ ቢሆን ቢሮው እስኪገባ፣ መነጽሩን እስኪያደርግ ይቆይ ነበር። አዲሱ ኦግዌኖ ግን ቶሎ መላሽ ነው። ፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ቆሞ፣ ስሙን ሳያነብ፣ መልኩን ፈለገ። ዋልተርን አገኘው፣ ፎቶውን ተጫነው፣ ተናገረ።

«ኒያር አሌጎ፣ ብቻሽን ስሚኝ» አለ፤ የአሌጎ ልጅ ማለት ነው፣ አሌጎ የአባቷ አገር ነው፣ በዚያ ነው የሚጠራት። «መሬቱ እስከ ዛሬ በኦልዌኒ ስም ነው። ዋልተር አላዞረውም። ኦልዌኒ ይህን አያውቅም፤ ካወቀ ነገ ይሸጠዋል። ቀብሩ እንዳለቀ መጥተሽ ትፈርሚያለሽ፣ እናሳግደዋለን። እስከዚያ ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ።»

ወዲያው መልስ መጣ። «አሜን፣ ነፍሱን ይማር» ይላል፤ የጻፈው የማያውቀው ሰው ነው። ቀጥሎ ሌላ አሜን መጣ። ለቅሶ ቡድን ውስጥ ሰው ሳይሰማ ነው አሜን የሚለው።

ኦግዌኖ የላከው ለቡድኑ መሆኑ ገባው። ፈጥኖ መልእክቱን ሊያጠፋ ሲል ስልኩ «ከሁሉም ሰው ላይ ይጥፋ ወይስ ከአንተ ብቻ?» ብሎ ጠየቀው። ያለመነጽር አንዱን ነካ። መልእክቱ ከዓይኑ ጠፋ። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አምላኩን አመሰገነ።

መሳሳቱን ያን ዕለት ቢነግራት ኖሮ በዚያው ከሰዓት ትፈርም ነበር። አልነገራትም። ያንኑ ምክር ለእሷ ብቻ እንደገና ላከላትና ዝም አለ። እሷም ጻፈችለት፦ «ዋኪሊ፣ ቶሎ ስለመለሱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

በቀብሩ ላይ እንደ ኦልዌኒ ያለቀሰ አልነበረም። በሬውን እሱ ገዛ፣ ድንኳኑን እሱ አስተከለ፣ አፖንዲን እህቴ እያለ አቀፋት። በማግስቱ ከናይሮቢ የመጡ ሰዎች ሜትር ይዘው የሩዙን ማሳ ይለኩ ጀመር። ኦግዌኖ የእግዱን ማመልከቻ ይዞ መዝገብ ቤት ሲደርስ መሬቱ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል። ወራት የሚፈጀው ጉዳይ በምን መንገድ በዚያ ፍጥነት እንዳለቀ የጠየቀው የለም፤ ሁሉም ያውቃል።

አፖንዲ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ታች ክሊንተን ጋ ነበርኩ» አለች። «ለቅሶ ቡድኑ ላይ የላኩትን ድምፅዎን አሰማኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ከእርስዎ ስልክ ነው የጠፋው። የሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ።» ቀጥላም፣ «መጀመሪያ ስሰማው ደስ አለኝ። ለእኔ ሲሳሱ ያስታውቃል» አለች።

ኦግዌኖ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ክሊንተን እርስዎንም ክሰሻቸው ይለኛል። ግን ጠበቃዬ እርስዎ ነዎት፤ ዋሽተውኝ አያውቁም። ሳልጠይቅዎ አላደርገውም ብዬ መጣሁ። ልክሰስዎ?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ወንበሩን አስጠግቶ እንድትቀመጥ ለመናት። ሊቀ ጳጳስ ፊት እንኳ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ግን እንደ ልማዱ ዓይን ዓይኗን እያየ መለሰላት።

«ክሰሽኝ» አላት። «ገዢው ሳላውቅ ነው የገዛሁት ብሎ ያመልጥሻል። ኦልዌኒ ገንዘቡን እስክትደርሺበት ይጨርሰዋል። እኔ ግን ቤት አለኝ፣ በስሜ የተመዘገበ። ሌላም ነገር አለ። መሳሳቴን ያወቅሁት የዚያኑ ዕለት፣ እዚያው ነው። ብነግርሽ መሬቱ ይተርፍ ነበር። ይህን ክሊንተን አያውቅም። ንገሪው፤ እኔን የሚረታኝ ይህ ነው።»

አፖንዲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አመሰገንሽኝ» አላት። «ደስ አለኝ።»

እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ የልጅ ጥያቄ ጠየቀች፤ ቤቱ ከተወሰደ እማማ ሮዝቤላ የት እንደሚገቡ። ኦግዌኖ «ይህ የእኔ ጉዳይ እንጂ የደንበኛ ጉዳይ አይደለም» አላትና ፋይሏን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ አቧራውን በእጁ ጠርጎ፣ ለክሊንተን እንድትሰጠው በእጇ አስያዛት።