የዓርብ ሊጥ

እስከዳር ሰው ማዘዝ የለመደችው ቢቸና ነው። ወይዘሮ የሺእመቤት እዚያ ባላቸው ዳቦ ቤት ኃላፊ ሆና ስትሠራ ሠራተኛው ኮቴዋን ሲሰማ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ኮሌጅ ስትማርም መምራት ማለት ማን ምን እንደሚሠራ መወሰን፣ መከታተልና ማረም እንደሆነ ነግረዋታል። የሚመራው ሰው እርስ በርሱ ምን ዓይነት መተማመን እንዳለው ጠይቂ ያላት ግን የለም። በዚህ ትምህርት የተመረቀ ስንት አለቃ አለ፤ ሰውን እንደ ማቡኪያ ማሽን ቁልፍ ተጭኖ የሚያስነሣው የሚመስለው!

ወይዘሮ የሺእመቤት ሞጣ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ከነሠራተኞቹ ሲገዙ እሷን ላኳት።

እዚያ ምድጃው ላይ የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ጋሽ ቢያድግልኝና እንድሪስ። በመጀመሪያው ዓርብ ፈረቃው የእንድሪስ ሆኖ ሳለ ምድጃው ፊት ጋሽ ቢያድግልኝን አገኘቻቸው። እንድሪስ የት ሄደ ብትል መስጊድ አሏት። ማን ፈቀደለት ብትል ማንም እንዳልፈቀደ፣ እሱ ለጁምዓ ሲሄድ እሳቸው እንደሚቆሙለት፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ደግሞ እሱ እንደሚቆምላቸው፣ ይህም ምድጃው ከተተከለ ጀምሮ የኖረ መሆኑን ነገሯት። በነገሩ ክፋት አላየችበትም። የከነከናት ሳይጠይቋት መሆኑ ነው። ሠራተኛውን ሰብስባ ካሁን በኋላ ያለ እሷ ትእዛዝ ማንም በማንም ቦታ እንዳይቆም አስጠነቀቀች።

«ገብቶናል» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ።

በእርግጥም ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ጨው ልጨምር ወይ ብለው ደጇ ላይ ይቆማሉ፤ ዳቦው ደርሷል፣ ላውጣው ወይ ይሏታል። እስከዳር ግን ይህን ሥርዓት ብላ ወደደችው። የዱቄቱን መጋዘን ቁልፍም ከእጇ አታወጣም።

በዚያ ሰሞን ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ገቡ። አንድ ዓርብ ጧት ለእንድሪስ የጁምዓ ፈቃድ ሰጠችና፣ በቦታው ማን እንደሚቆም ሳታዝ፣ ሥራው እንዴት መስመር እንደያዘ ለወይዘሮ የሺእመቤት ልታስረዳ ቢቸና ሄደች። እያስረዳች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ለማፍጠሪያ የተቦካው ሊጥ ከልክ በላይ ተነሥቶ ከትሪው ፈስሷል። ሌላ እንዳይቦካ ዱቄቱ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከእሷ ጋር ነው።

«እርስዎ የት ነበሩ ታዲያ?»

«አጠገቡ ነበርሁ። ትእዛዝ ስጠብቅ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ሁሉንም ሰምተዋል። «አውቆ ነው» አሉ። «ዛሬ ማታ አሰናብችው። አንቺ ካልቻልሽ የሚችል ሰው እልካለሁ።»

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን እስኪያልፍ ድረስ የምታባርርበትን ቃል ስታሰናዳ ቆየች። ሽማግሌው ተሳልቀውባታል፤ ይህ አያጠያይቅም። እሳቸውን ብታሰናብት ደግሞ እንጀራዋ ይተርፋል። ነገር ግን የምትከሳቸው የራሷን ቃል ስለፈጸሙ ነው። እሷ ዞር ስትል የሚሞት ሥራ ተመርቷል ሊባል ነው? መልሱን ታውቀዋለች፤ ስላወቀችው የበለጠ ተናደደች።

ስትደርስ የመግሪቡ አዛን ብሏል። እንድሪስ በራፉ ላይ ተቀምጦ በውኃና በቴምር አፍጥሯል። ለጋሽ ቢያድግልኝ ጀርባውን ሰጥቷል።

«የሰፈሬ ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ» አላት። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ጾመኛ ነዎት እኮ። ረኃብ ጠፍቶዎት ነው?»



«አውቀው ነው?» አለቻቸው እስከዳር።

«አውቄ ነው። አንቺን ላሳይሽ ብዬ ነበር። እሱን አላሰብሁትም።»

«ሰው አስርበዋል። እንዲያስርቡ ያዘዝሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

እዚያው ፊታቸው ለወይዘሮ የሺእመቤት ደወለች። ሰውየውን እንደማታሰናብት፣ ጥፋቱ ከእሷ ትእዛዝ እንደ ጀመረ፣ የሚሄድ ካለ እሷ ልትሄድ እንደሚገባ ነገረቻቸው።  ወይዘሮ የሺእመቤትም፣ «ለሌሊቱ መብል፣ ለሱሑር ዳቦ ካልደረሰ ጧት ሁለታችሁንም እዚያ ቤት እንዳላገኛችሁ» ብለው ዘጉት።

መጋዘኑን ከፈተች። ማን ያቡካ፣ ማን ምድጃ ይያዝ፣ ሁሉም ትእዛዝ ተሰልፎ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። እንድሪስ ለተራዊሕ ስግደት መሄጃው ደርሷል፤ ይሂድ አይሂድ አላወቀም። ጋሽ ቢያድግልኝ ኮታቸውን አውልቀው አንድ ጆንያ ዱቄት ጎተቱ።

«ሂድ ስገድ» አሉት ቀና ሳይሉ። «አለሁ።»

«የሚኖሩት እንደ ቀኑ ቆመው እያዩ ነው?»

«ሂድ አልሁህ አንተ።»

ትንሽ አመነታ። «ጨው እንዳይረሱ» አላቸው ጫማውን እያጠለቀ።

«ጨው የሚያስተምረኝ እሱ ሆነና!» ሲሉ ፊታቸው ፈታ አለ።

እስከዳር የውኃውን ጄሪካን አንሥታ ማሽኑ አጠገብ ቆመች።

«ልጨምር?»

«ቆዪ» አሏት። «ገና ነው።»

ቆየች።