የጀማሉ መሐላና የኸዋጃው ጠፍር

ባሌ ጀማሉ እዚህ ሱዳን፣ በሾዋክ ገበያ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ ይበልጥ የታወቀው ግን በምላሱ ነው። ትንሽ ሲነኩት «ዐለይ ጦላቅ!» ይላል፤ እንዲህ ካልሆነ ሚስቴ ትፈታ ማለቱ ነው። ሚስቱ ደግሞ እኔ ሰዓዲያ ነኝ። አንድ ጊዜ በፍየል ዋጋ ተከራክሮ ፈታኝ። ሌላ ጊዜ «ዛሬ ሳይዘንብ አይውልም» ብሎ ማለና ሰማዩ ጉድ ሠራው፤ ያውም በዚያ በድርቁ ዓመት! ሁለቱንም ጊዜ ሸኽ አብዱልናስር አስታርቀው መለሱኝ። በሁለተኛው ግን ጣታቸውን ቀስረው «ጀማሉ፣ የቀረህ አንድ ነው። ሦስተኛው ከወጣ እኔም አልመልሳትም፤ ሸሪዓው አይፈቅድም» አሉት። ጀማሉ አለቀሰ። ማለ እንዳይባል ራሱን ነቅንቆ ብቻ እሺ አለ።

ከዚያ ኸዋጃው መጣ። ይህ ፈረንጅ ከድንበር ማዶ ለሚጎርፈው የተራበ ሕዝብ በቦቴ ውኃ የሚያመላልስ ነው። ዓርብ ዓርብ ግን ወደ ኸሽም አልግርባ ግድብ ይሄድና ሸራ የተተከለበት ሳንቃ ላይ ቆሞ በነፋስ ይነዳል። መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ ሰው በውኃ ጥም እየሞተ በውኃ መጫወት! ኋላ ሳምንቱን ሙሉ ከሹፌሮቹ ጋር ከመንገድ ዳር ሬሳ ሲያነሳ እንደሚውል ሰማሁና ይጫወት አልኩ።

ለጀማሉ ያመጣለት ጥንድ የናይለን ጠፍር ነው። የእያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ከሸራው እጀታ ይታሰራል፤ መሐሉ ሰውየው በወገቡ በታጠቀው ቀበቶ መንጠቆ ላይ ይውላል። አንዱ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ ነው። እንዲህ አድርጎ ነፋሱን በክንዱ ሳይሆን በወገቡ ይስባል። ዘለበት ስላለው ሲሻው ያስረዝመዋል፣ ሲሻው ያሳጥረዋል። ዘለበቱ ደህና ነበር፤ ዘለበቱን የያዘው ስፌት ግን በፀሐይ ተበልቶ አልቋል። ጀማሉ በስፌት መኪናው አንዴ አንኳኳበትና ሰፍቶ ጨረሰ፤ ለአላፊ አግዳሚው እያሳየም ይኩራራ ጀመር።

አጠገቡ የአህያ ኮርቻ የሚሰፋው የመተማው ሰው ታምሬ ጠፍሩን አገላብጦ አየ። «የመኪና ስፌት ለሸሚዝ ነው ወንድሜ፤ ለሚጎተት ነገር አይሆንም» አለው። በቃ። ጀማሉ ብድግ አለ። «ዐለይ ጦላቅ! ይህ ስፌት ውኃ ላይ ከተተረተረ ሰዓዲያ ትፈታ!» ገበያው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዞረ ይባላል።

ይህን የነገረኝ ራሱ ታምሬ ነው። «ሰዓዲያ እህቴ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ የነካካሁት እኔ ነኝ» እያለ ደጄ ላይ ቆመ።

«ምላስህ ይቆይህ። ወስፌህን አምጣ፤ ጠንካራ ክርና ሰምም» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ጀማሉን እወደዋለሁ። ያለውን ለመንገደኛ ያካፍላል፤ ቤት ሲገባ ገና ከደጅ ይስቃል። የማልወደው ምላሱን ብቻ ነው። በአንድ ክር አላጣውም አልኩ።

ቀትር ላይ ጀማሉ ሲያንኮራፋ ጠፍሮቹን ከመኪናው ሥር አወጣኋቸው። የሰፋበት ክር ከየት የተገኘ ይመስላችኋል? ከእርዳታ እህል ጆንያ አፍ የተመዘዘ ነው! ጫፉን በጥፍሬ ብይዘው ተተርትሮ እጄ ላይ ቀረ። መሐላው ውኃ ላይ ነው፤ እኔ የተረተርኩት አልጋዬ ላይ ነው። ሸኹም ቢጠየቁ ከዚህ አያልፉም። አባቴ ጎንደር ውስጥ የበቅሎ ኮርቻ ሰፊ ስለነበር ወስፌ ይዤ ነው ያደግሁት። ክሩን ሰም አጠጥቼ፣ በሁለት መርፌ ከወዲህና ከወዲያ አንድ ቀዳዳ ላይ እያገናኘሁ ሰፋሁት። እንዲህ የተሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ቀዳዳም አላበዛሁም፤ መርፌ የበዛበት ጠፍር በዚያው በቀዳዳው ይቀደዳል። የጀማሉን ክር በለበስኩት ቶብ ጫፍ ቋጠርኩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሎሪ ሞልተን ሄድን። ሰው የመጣው ኸዋጃውን ሊያይ አይደለም፤ እኔ ስፈታ ሊያይ ነው። ጀማሉ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን ማልክ?» አልኩት።

«አፌ ቀደመኝ» አለ።

ኸዋጃው ሸራውን አቆመ፣ ጠፍሩን መንጠቆው ላይ አዋለ፣ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ነፋሱ ሸራውን ሲወጥረው ጀርባው ውኃውን ሊነካ እስኪል ተንጠልጥሎ በረረ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታምሬ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል፤ ሸኹ ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ሄደ፣ ዞረ፣ በሌላኛው ጠፍር ተመለሰ። ዳር ሲደርስ ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርጎ አየና «ኩወይስ! ኩወይስ!» አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው።

እልልታው ቀለጠ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ጀማሉ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«አያችሁ የጀማሉን እጅ! ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ እንዲህ የሚሰፋ ሌላ እጅ ካለ ዐለይ ጦ—»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ መዳፌ አፉ ላይ ነበር። ቃሉ ቢያልቅ የእኔም ትዳር አብሮ ማለቁ ነው፤ ሌላው እጅ እዚያው አፉ ላይ ነዋ!

በቀረው እጄ የቶቤን ቋጠሮ ፈታሁና ክሩን አስያዝኩት። የጆንያውን ክር ከማንም በፊት እሱ ያውቀዋል። ጠፍሩን ከኸዋጃው ተቀብሎ አገላበጠ፣ ሰሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ታምሬን አየ። ታምሬ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። እኔ ፈራሁ። ያን ያህል ሰው ፊት ዝም ቢል አልቀየመውም ነበር።

ከድንጋዩ ወረደ። «ስፌቱ የሷ ነው» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «የኔማ ይኸው!» ብሎ ክሩን አውለበለበ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠፍርና ኮርቻ የተቀደደበት ሁሉ ሰዓዲያን ይጠይቃል፤ ጀማሉ ሸሚዙን ይሰፋል። ምላሱ ግን እንዳለ ነው። ደንበኛ ሲያናድደው «ዐለይ…» ብሎ ይጀምርና ዓይኑ ወደ እኔ ይሄዳል። እኔም ቀስ ብዬ ክሬን ሰም አጠጣለሁ፣ መርፌዬን አነሳለሁ፣ ከንፈሩን ትክ ብዬ አያለሁ። አንዴ ከሰፋሁ እንደማይተረተር በዓይኑ አይቷል።